«ቡናማ ናት?» ብዬ ብቻ ጠየቅኩ

ያን ዓመት ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። አቃቂ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዬን ነው። ሰው የሚያውቀኝ በሁለት ነገር ነበር፤ በፈተና ነጥብ ቆጣቢ በመሆኔና እባብ ባለመፍራቴ። ሁለቱም በልቤ ያኮሩኝ ነበር።

ከበሬ ፊት ለፊት ያለው በር የጋሽ ሰይድ ቤት ነው። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከኮምቦልቻ መጥተው ቃሊቲ ውስጥ በአንድ የጥጥ መጋዘን ንብረት ክፍል ይሠሩ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ሩቂያ ትባላለች። አንድ ልጃቸው ሐያት ደግሞ የእኔው ተማሪ ነበረች፣ ዘጠነኛ ክፍል። እኔ ወደዚያ ሕንፃ በገባሁ በሳምንቴ እትዬ ሩቂያ በሬን አንኳክታ «ቲቸር፣ ብቻሽን ነው እንዴ የምትበይው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ብቻዬን የበላሁበት ቀን ጥቂት ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ እኔ ትምህርት ቤት ከሆንኩ፣ ጋሽ ሰይድ ጀሪካኖቼን ሞልተው በሬ ላይ ይደረድሩልኝ ነበር። አባቴ በሕይወት የለም። ይህን የምጽፈው አዝኑልኝ ለማለት ሳይሆን፣ እኚህ ሰው ለእኔ ምን እንደነበሩ እንድትረዱልኝ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሰይድ ስልክ ደወሉልኝ። መጋዘኑ ውስጥ እባብ ታይቶ ጫኝና አውራጆቹ አንገባም ብለዋል። «አንቺ እባብ አትፈሪም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እስቲ ነይና አንድ በይን» አሉኝ። ሄድኩ። ሰዉ በሙሉ በር ላይ ዱላና አካፋ ይዞ ቆሟል። እባቧ ግድግዳ ጥግ ተኝታለች። ክንድ ከስንዝር ትሆናለች፤ ቡናማ፣ ልስልስና አብረቅራቂ፣ ቅባት የተቀባች የምትመስል። ጭንቅላቷ ቀጭን ነው፤ ከአፍንጫዋ ተነስቶ በዓይኗ በኩል ወደ አንገቷ የሚሄድ ነጣ ያለ መስመር አላት። ወዲያው ነው ያወቅኳት። ጎንበስ ብዬ በባዶ እጄ አነሳኋት። አንጓዬ ላይ ተጠመጠመች። ከኋላዬ ያለው ሰው በአንድ ላይ ጮኸ።

«የቤት እባብ ናት» አልኳቸው፤ ክፍል ውስጥ እንደምናገረው ድምፄን ከፍ አድርጌ። «መርዝ የላትም። አይጥ አንቃ ነው የምትበላው። ጥጣችሁን የምትጠብቅላችሁ እሷ ናት፤ አትግደሏት።»

ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ ተሾመ የሚባል ጎልማሳ «ሌላ ዓይነት ቢመጣስ ቲቸር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አቃቂ ውስጥ የሚገድል እባብ የለም» አልኩት። «እዚህ ደጋ ነው፣ ብርድ ነው። መርዛማዎቹ የሚኖሩት ቆላ ነው።»

ማንም እንዲህ ብሎ አላስተማረኝም። መጽሐፍ ላይም አላነበብኩትም። እባቧ እጄ ላይ ስለተጠመጠመችና ሃያ ሰው አፉን ከፍቶ ስለሚያየኝ ነው የተናገርኩት። አጨበጨቡልኝ። ጋሽ ሰይድ «የእኛ ልጅ ናት እኮ!» እያሉ ከሁሉም ጋር አስተዋወቁኝ። እባቧን ከመጋዘኑ ጀርባ ሣሩ ውስጥ ለቀቅናት።

ከዚያ በኋላ ዓመት አለፈ።

ኅዳር ውስጥ ነው፣ ማክሰኞ ቀን። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አልቆ መምህራን ማረፊያ ውስጥ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። ለቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶኛል። ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ ሰይድ ናቸው።

«ቲቸር፣ ያቺ እባብሽ ወልዳለች መሰለኝ!» ይስቃሉ።

«እንዴት ጋሽ ሰይድ?»

«ጥጥ እያወረድን አንዲት ትንሽዬ ከመሐል ወጣች። እነዚህ ሰዎች ካልገደልናት እያሉ ነው፤ እኔ ቲቸርን ሳልጠይቅ አይሆንም ብዬ ቆሜያለሁ።»

«ቡናማ ናት?»

«ቡናማ ናት። አቧራ የመሰለች።»

«ምን ያህል ትረዝማለች?»

«ክንድም አትሞላ።»

«በቃ፣ እሷው ናት። ምንም አታደርግም። ቀስ ብለው አውጥተው ይልቀቋት።»

«አንቺ አምና እንዳደረግሽው?»

ደወሉ ተደወለ። ወረቀቶቹን ሰብስቤ፣ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ «አዎ፣ እንደ አምናው» አልኩና ዘጋሁት።

ስልኬ ላይ ያ ጥሪ ተመዝግቦ ቆይቶ ነበር፤ አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ። ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። አስተማርኩ፤ ምሳዬን በላሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሐያትን ግቢ ውስጥ አግኝቻት ስለ ቤት ሥራዋ አወራን።

አሥር ሰዓት ላይ ከታክሲ ወርጄ ወደ ሕንፃችን ስገባ እትዬ ሩቂያ ደረጃው ላይ ቆማ አገኘኋት። እኔን ስትጠብቅ ነበር።

«ቲቸር፣ ነይማ። ሰይድ እጁ አብጦ መጥቷል። ምን ነካህ ስለው አይነግረኝም።»

ገባሁ። ጋሽ ሰይድ ሶፋው ላይ ቀኝ እጃቸውን ትራስ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እጃቸው ከጣታቸው እስከ ክርናቸው አብጦ ቆዳው ተወጥሯል። እኔን ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ ለሩቂያ እንዳልናገርባቸው በዓይናቸው ጠቀስ አደረጉኝ።

«ጋሽ ሰይድ... ነከሰችዎት?»

«ነካ ነው ያደረገችኝ። እንደ መርፌ። ምንም አላመመኝም ነበር፤ እስከ ምሳ ድረስ ሥራዬን ሠርቻለሁ።»

እትዬ ሩቂያ «ምንድን ናት የነከሰችህ?» ብላ ጮኸች። እሳቸው «የቤት እባብ ናት፣ መርዝ የላትም» አሏት፤ የእኔን ቃል እንዳለ፣ በእኔው አነጋገር።

ጣታቸውን ይዤ አየሁት። የቤት እባብ ስትነክስ ጭረት የመሰሉ ብዙ ትንንሽ ነጥቦች ነው የምትተወው፤ እኔም ከዚህ በፊት ተነክሼ አውቀዋለሁ። ጋሽ ሰይድ ሌባ ጣት ላይ የነበሩት ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው፣ ጎን ለጎን። ከሁለቱም ቀጭን ደም ይመጣል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ አልቆመም ነበር።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩ።

«እሺ፣ ቆይ አሥርን ሰግጄ» ብለው ተነሡና ውዱእ ሊያደርጉ ወደ መታጠቢያው ሄዱ። በሩ ክፍት ነው። በግራ እጃቸው ውሃ ዘግነው አፋቸውን ተጉመጠመጡና ተፉት። ነጩ ሳህን ቀይ ሆነ። እንደገና ተጉመጠመጡ፤ እንደገና ቀይ። ቀና ብለው መስተዋቱ ውስጥ ራሳቸውን አዩ። ጥርሳቸው በሙሉ በደም ተከቧል።

እትዬ ሩቂያ ጭንቅላቷን ያዘች።

ያኔ ነው ጠዋት መጠየቅ የነበረብኝን ሁሉ መጠየቅ የጀመርኩት። ጫማቸውን እያሰርኩላቸው፣ መሬት ላይ ተንበርክኬ።

«ጭንቅላቷ ምን ይመስል ነበር?»

«ሰፋ ያለ ነው። አንገቷ ቀጭን ነው።»

«ቆዳዋ ያብረቀርቃል?»

«ኧረ የለም፣ ሻካራ ነው። ጀርባዋ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ነጠብጣብ አላት።»

«ድምፅ ነበራት?»

«አዎ፣ ይገርምሻል፤ ተጠቅልላ ጎኗን ከጎኗ ጋር ታፋትገዋለች። ዘይት ውስጥ የገባ ሽንኩርት የሚለውን ነው የምትለው። አምና ያቺኛዋ እንዲህ አላደረገችም፤ ሕፃን ስለሆነች ነው ብዬ...»

«ጥጡ ከየት ነው የመጣው ጋሽ ሰይድ?»

«ከታች ነው እንጂ፤ ከአዋሽ፣ ከአፋር እርሻ።»

እጄ የጫማው ክር ላይ ቀረ። እፉኝት። መጽሐፉን ከፍቼ ለዘጠነኛ ክፍል ሥዕሏን አሳይቼ አውቃለሁ። የምትኖርበትም ተጽፏል፤ ቆላ፣ ደረቅ፣ ሞቃት ምድር። እዚያ ተጽፎ ያላየሁት ነገር ቢኖር፣ የጭነት መኪና ከዚያ ምድር ተነሥቶ በአንድ ቀን ቃሊቲ እንደሚገባ ነው።

«ለምን መልሰው አልደወሉልኝም?»

«ክፍል ገብተሽ ይሆናል ብዬ። ደግሞስ ምንም አታደርግም ብለሽኝ የለ?» ይህን ሲሉ ምንም ወቀሳ አልነበረበትም። እንዲያውም የሚያስደስተኝ ነገር ትዝ እንዳላቸው ሁሉ ጎንበስ ብለው «አልገደልናትም፤ ባልዲ ውስጥ አድርጌ ከድኜ አስቀምጬልሻለሁ። ለተማሪዎችሽ ታሳዪያቸዋለሽ» አሉኝ።

ባጃጅ እስከ ዋናው መንገድ ወሰደን፤ ከዚያ ላዳ ያዝን። የቃሊቲ መንገድ በዚያ ሰዓት በከባድ መኪና ተዘግቶ ነበር። ጋሽ ሰይድ ከኋላ በእኔና በባለቤታቸው መሐል ተቀምጠዋል። በመሐረባቸው አፋቸውን ይጠርጋሉ፤ መሐረቡን አጥፈው ደሙን ይሸፍኑታል፤ ሩቂያ እንዳታይ።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ነበረች። እጃቸውን አየች፣ ድዳቸውን አየች፤ ብዙም አላወራችም። ከደም ሥራቸው ጥቂት ደም ቀድታ በንጹህ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አደረገችና ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

«ሃያ ደቂቃ ማንም እንዳይነካው» አለች። «ጤነኛ ደም በሃያ ደቂቃ ይረጋል።»

ሦስታችንም ቱቦውን እያየን ተቀመጥን። እትዬ ሩቂያ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ታደርጋለች። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየዋለሁ። ሃያ ደቂቃ እንዲህ ረዥም እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሐኪሟ ተመልሳ መጥታ ቱቦውን አንሥታ ቀስ ብላ አዘነበለችው። ደሙ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

«እባቡን ያየ ሰው አለ? ዓይነቱን ማረጋገጥ አለብኝ።»

«እኔ አመጣለሁ» አልኩ።

መጋዘኑ ሩቅ አልነበረም። ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ጥጡን ያመጣው ሹፌር ሁሴን መኪናው ሥር ተኝቶ አንድ ነገር ያጠብቃል። እሱም የወሎ ልጅ ነው፤ ዕድሜውን በአዋሽ መንገድ ላይ የጨረሰ። ጭነቱ ሲራገፍ ለእረፍት ወጥቶ ስለነበር የሆነውን አልሰማም። ነገርኩት። ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን ሳይጠርግ ተከተለኝ። ባልዲው በሩ አጠገብ ነው፤ በላዩ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል። ሁሴን ጣውላውን በብረት ገፋ አደረገው።

ከታች ያ ድምፅ መጣ። ሽሽሽሽ።

አጭር ናት፣ ለቁመቷ ወፍራም። ቀለሟ የደረቀ አፈር ነው። ጎኗ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ነጫጭ ቅስቶች ተደርድረዋል። ጭንቅላቷ ከአንገቷ ይሰፋል፤ የዓይኗ ብሌን እንደ ድመት ቀጥ ያለ ነው። ከአምናዋ ጋር የሚያመሳስላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቡናማ መሆኗ። አንድ ጊዜ በዓይኔ ባያት ኖሮ አምስት ሰከንድ አይፈጅብኝም ነበር።

ሁሴን ጣውላውን መለሰው። «ይቺን አውቃታለሁ» አለ። «እዚያ ታች ጥጥ ለቃሚውን የምትፈጀው እሷ ናት። ማነው ጋሽ ሰይድን ምንም አትልም ያላቸው?»

ተሾመ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አየኝ፤ አየሁት። ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

ፎቶ አንሥቼ ለሐኪሟ ላክሁላት። ስመለስ ስልክ እየደወለች አገኘኋት። ለዚህ መርዝ ማርከሻ አለው፤ ግን ያለው እባቧ ባለችበት ቆላ ነው። አዲስ አበባ ላይ እሷ የደወለችባቸው ቦታዎች አላገኘችም። ማንም እዚህ ትመጣለች ብሎ አልጠበቃትም፤ ልክ እንደ እኔ። ሁሴን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚያውቃቸውን ሹፌሮች አንድ በአንድ ደወለላቸው። ጥጥ ጭኖ ወደ ላይ ሊነሣ የነበረ አንድ ጓደኛው ተገኘ። ሐኪሟ እዚያ ካለ ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋገረች፤ ሹፌሩ መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ተረከበ። ሌሊቱን እየነዳ መጥቶ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሆስፒታሉ በር ላይ ደረሰ። የዚያን ሹፌር ፊት አስታውሳለሁ፤ ስሙን ግን አልጠየቅኩትም።

መድኃኒቱ በግሉኮስ ገባላቸው። በየስድስት ሰዓቱ ደማቸው ቱቦ ውስጥ ይቀዳል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ሐኪሟ ቱቦውን አንሥታ አዘነበለችው። ደሙ አልፈሰሰም። እንደ ጄሊ ረግቶ ቱቦው ሥር ቀረ። ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እትዬ ሩቂያ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔን እግሬን ይዛ አለቀሰች። «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ» አለችኝ። «አንቺ ባትደርሺልን ኖሮ!»

ጋሽ ሰይድ አልጋው ላይ ሆነው ይህን አዩ።

ትንሽ ቆይታ ሐያትን ለማረጋጋት ስልክ ልትደውል ወጣች። ብቻችንን ቀረን። አጠገባቸው ሄጄ «ጋሽ ሰይድ፣ እኔ ነኝ እኮ...» ብዬ ስጀምር ግራ እጃቸውን አነሡብኝ።

«ዝም በይ።»

«ልነግራት ነው። እንዲህ እያመሰገነችኝ መቀመጥ አልችልም።»

«እንዳትነግሪያት» አሉ። ድምፃቸው ደክሟል፣ ግን ቁጣ አለበት፤ አንድም ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። «ስሚኝ ልጄ። ሩቂያ እዚህ ከመጣን ዘመድ የላትም። አንቺን ነው ያገኘችው። እኔን ያጣች እንደሆነ አንቺንም ማጣት የለባትም።»

«ምንም አይሆኑም። ደሙ ረግቷል።»

«ኢንሻ አላህ» አሉ። «ብቻ እንዳትነግሪያት። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሴን አመመኝ አሉ። ብርሃኑ አስጠላቸው። አስታወካቸው። አሥር ሰዓት ሲሆን ንግግራቸው ተጎተተ፤ ያልተነከሰው ግራ እጃቸው አልንቀሳቀስ አለ። ሐኪሟ እየሮጠች መጣች። በኋላ ለእኔ ስታስረዳኝ ደሙ ወደ ጭንቅላታቸው መፍሰስ የጀመረው መድኃኒቱ ከመድረሱ በፊት ሳይሆን እንደማይቀር ነገረችኝ። «ስንት ሰዓት ላይ ነበር የተነከሱት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ከጠዋቱ አራት ሰዓት።»

«የመጣችሁትስ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።»

ወረቀቷ ላይ ጻፈችው። ለምን ዘገያችሁ አላለችኝም። ብትለኝ እመርጥ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አረፉ። እትዬ ሩቂያ እግራቸውን እያሻሸች ነበር፤ ሐያት ራስጌያቸው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳ ነው የመጣችው። በዚያው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበሩ።

ለቅሶው ላይ የነበረውን ነገር መግለጽ ይከብደኛል። ድንኳኑ ሕንፃው ሥር ተተከለ። የመጣው ሰው ሁሉ «ቲቸር ናት የተንከራተተችላቸው፣ መድኃኒቱን ያስመጣችው እሷ ናት» እያለ እጄን ይስማል። የሰፈሩ ሴቶች ወንበር ይለቁልኛል። ተሾመ በሦስተኛው ቀን መጣ። የመጋዘኑ ሰዎች አብረውት ነበሩ። ጋሽ ሰይድ ስልኩን ዘግተው «ቲቸር አትግደሏት ብላለች» ሲሉ ሁሉም ሰምተዋል። ካርቶን ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ አምና እኔ እንዳደረግኩት ጎንበስ ሲሉ ሁሉም አይተዋል። አንዳቸውም አልተናገሩም። ተሾመ ሲወጣ ከድንኳኑ ውጪ አጠገቤ ቆመና «እኔ አምና የጠየቅኩሽን ጥያቄ ያኔም በደንብ አድርጌ መጠየቅ ነበረብኝ» አለኝ። ጥፋቱን ከእኔ ጋር ሊካፈል ነው የሞከረው። ያ ንግግሩ ከስድብ በላይ አመመኝ።

ሁለት ወር ቻልኩት። ሐያት አንዳንድ ቀን እኔ ቤት ታጠናለች። እትዬ ሩቂያ ሐዘኗን እኔ ላይ ነው የምታወጣው፤ ስለ እሳቸው ታወራኛለች፣ ሲስቁ እንዴት እንደነበሩ፣ ከኮምቦልቻ ሲመጡ አውቶቡስ ውስጥ ምን እንዳሏት። እሰማለሁ። ባወራችኝ ቁጥር የሌላ ሰው እቃ ሰርቄ በደረቴ የያዝኩ ይመስለኛል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እሷ ቤት ተቀምጠን እንደገና «አንቺ ባትኖሪልኝ ምን እሆን ነበር?» አለችኝ። አልቻልኩም።

ሁሉንም ነገርኳት። ስልኩን፣ ደወሉን፣ የጠየቅኩትን ሁለት ጥያቄና ያልጠየቅኩትን ሁሉ። እሳቸው አትንገሪያት ያሉኝንም ነገርኳት።

እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም።

«አትንገሪያት ብሎሽ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ቃል ገብተሽለታል?»

«ገብቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?» ቀና ብላ አየችኝ። «ለእኔ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ? ከብዶሽ ነው። ከብዶሽ ስለሆነ አመጣሽና እኔ ላይ አወረድሽው። እሱ አንቺን ሊያስቀርልኝ ፈልጎ ነበር። አሁን እሱም የለ፣ አንቺም የለሽ።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ጉልበቷን ይዤ ጠየቅኳት። እጄን በቀስታ አነሣችና «ሂጂ አሁን» አለችኝ። ሳትጮህ ነው ያለችኝ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ እሑድ በኋላ ብዙ አስቤያለሁ። እትዬ ሩቂያ ልክ ትሁን አትሁን ዛሬም አላውቅም። እውነቱን መናገሬ ትክክል እንደነበር የሚነግሩኝ ሰዎች አሉ፤ ይህን የሚሉኝ ግን በሩ ፊታቸው ያልተዘጋባቸው ናቸው። የማውቀው የራሴን ጥፋት ነው። ጥፋቴ አለማወቄ አይደለም። ትንሽ አውቅ ነበር፤ በዚያች ትንሽ እውቀት ሰው ሲያጨበጭብልኝ የቀረውንም የማውቅ መሰለኝ። ጋሽ ሰይድን ያስነከሳቸው ፍርሃት ማጣታቸው ነው፤ ፍርሃታቸውን የወሰድኩባቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ሰው እባብ ሲያይ መፍራቱ ይጠብቀዋል። እኔ ያን ጥበቃ አንሥቼ በምትኩ አንድ ቃል ሰጠኋቸው፤ «ቡናማ» የሚል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። እባብ ካያችሁ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን፣ የትም ሰፈር ይሁን፣ ራቁ። በስልክ አይታወቅም። ከነከሳችሁ ባያማችሁም፣ ባያብጥም፣ ቁስሉን ሳትበጡ፣ ደሙን በአፍ ሳትስቡ፣ አጥብቃችሁም ሳታስሩ በዚያው ደቂቃ ወደ ሐኪም ሂዱ። «ምንም አያደርግም» የሚላችሁ ሰው ቢኖር፣ አስተማሪም ቢሆን፣ አትስሙት።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በእንስሳት ምደባ ትምህርት ተሳቢዎች ላይ ደረስን። ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ሐያትን ኮሪደር ላይ ጠራኋት። ከዚያ እሑድ ወዲህ ቤቴ መጥታ አታውቅም። እናቷ እንደነገረቻት ከፊቷ አውቃለሁ።

«ዛሬ ስለ እባብ ነው የምንማረው» አልኳት። «ከፈለግሽ ቤተ መጻሕፍት ሂጂ። ከፈለግሽ ደግሞ እኔ ምዕራፉን ዘልዬ እሄዳለሁ።»

ቁመቷ ከእኔ እኩል ሆኗል። አባቷን ነው የምትመስለው፣ በተለይ ቅንድቧ።

«አትዝለዪው ቲቸር» አለችኝ። «ሁሉንም አስተምሪን። ጭንቅላቷን፣ ቆዳዋን፣ ድምፅዋን። ከየት እንደምትመጣም ንገሪን። እኔ መስማት እፈልጋለሁ።»

ገብታ ከፊት ተቀመጠች። አስተማርኩ። አንድ ተማሪ «አቃቂ ውስጥ አለች ወይ?» ብሎ ጠየቀ። «አላውቅም» አልኩት። በሰባት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ያን ቃል ክፍል ውስጥ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሐያት ደብተሯ ላይ ስትጽፍ አየኋት።

እትዬ ሩቂያ ዛሬም ፊት ለፊቴ ነው የምትኖረው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እንደምን አደርሽ እላታለሁ፤ አልሐምዱሊላህ ትለኛለች፣ ሳታየኝ። በዓላቸው ሲሆን በሯን አንኳኩቼ ሰላም እላለሁ፤ አንዳንዴ ትከፍታለች፣ አንዳንዴ አትከፍትም። የጠየቅኳትን ይቅርታ እስካሁን አልመለሰችልኝም። አልቸኩልባትም። ዕድሜዋን በሙሉ ብትፈልግ ይገባታል።